የመስኮቱ ቶፊ

«ሦስተኛው!» አለ የቀማሿ ወንድም የጎረሰውን ገና በቅጡ ሳያኝከው። «ምን ጥያቄ አለው!»

ዓይኑ በሻሽ ታስሯል፤ ግን ለስሙ ነው። ትልቋ አክስት ቶፊዋን፣ ያን የስኳርና የቅቤ ከረሜላ፣ የምትቆርጠው ሰያፍ አድርጋ ነው፤ የሌሎቹ አራት ማዕዘን ነው። ጣቱ ያልደነዘዘ ሁሉ በዳሰሳ ይለየዋል። ይህ ቤተሰብ በየዓመቱ ዓይኑን አስሮ፣ በጣቱ አይቶ፣ ያችኑ ሴት ያነግሣል። ከዚያም ትክክለኛ ፍርድ ፈረድን ብሎ ያጨበጭባል።

ያሸነፈው ቶፊ ዓመቱን ሙሉ በሱቃቸው መስኮት ይደረደራል። መንገደኛው መጀመሪያ የሚያየው፣ መጀመሪያም የሚገዛው እሱን ነው።

አሁን ተራው የእህቱ ነው። ለዳኝነት የበቃችው ዘንድሮ ቢሆንም «ቀማሿ» የሚሏት ግን ጥርስ ሳታበቅል ጀምሮ ነው። በምላሷ ትኮራለች፤ ብትኮራም አይፈረድባትም። ወተት ገና ሊበላሽ ሲያስብ የምታውቅ ልጅ ናት።

ሻሹ ታሰረላት፤ ለብ ባለ ውሃ ተጉመጠመጠችና ጀመረች። የመጀመሪያው የአጎቷ ነው፤ ስኳሩ እንደ አሸዋ ጥርሷ ላይ ተንኮሻኮሸ። ሁለተኛው ዝንጅብል አለው። ቅቤው ቀድሞ መጣ፣ ዝንጅብሉ ቆይቶ ደረሰ፣ ጉሮሮዋን ሞቅ አድርጎላት ሄደ። ይህ የአጎቷ ሚስት ሥራ ነው። ቤቱን ገና ስላልለመደች «ሙሽራዋ» ይሏታል፤ ቶፊዋንም እንደ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነው የሚያዩት።

ሦስተኛውን ጎረሰች። ጣፈጠ፤ ከዚያ ከሥሩ መረረ። የተቃጠለ ስኳር! ተጉመጥምጣ ደግማ ቀመሰች። ያው ነው።

«እህ፣ ዳኛችን! ዋጥሽው እኮ፣ ፍርዱስ?» አለ አጎቷ።

«ፋራ አትሁኚ፣ ሦስተኛው በይና ገላግይን» አለ ወንድሟ።

«አልጨረስኩም» አለች ሻሹን አውልቃ። «እቴቴ፣ አንዴ ወደ ኩሽና ነይ።»

አክስቷ ተከትላት ገባች። ቀማሿ በሩን ዘጋችው።

«ተቃጥሏል።»

«ምኑ? የእኔ?» አክስቷ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ትናንት ንፍጥሽን የጠረግኩልሽ ልጅ ነሽ እኔን የምታርሚ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ድስቱን አሽትቺው።»

አክስቷ ድስቱን አንስታ አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ከዚያ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ምንም አይሸተኝም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ቅቤም ሳሙናም አንድ ሆኖብኛል። ቀለሙን አይቼ ነው ከእሳት የማወርደው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? ለእነዚያ? ‹በቃ አርጅታለች፣ ማማሰያውን ተቀበሏት› እንዲሉኝ?» ክንዷን ያዘቻት። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ውጪና ሦስተኛው በይ። አንዲት ቃል ናት። የሚቀጥለውን አስተካክለዋለሁ።»

«በምን አፍንጫ?»

አክስቷ ክንዷን ለቀቀቻት።

አንዲት ቃል ናት፤ እውነት ነው። ብትናገራት ቤቱ ሰላም ውሎ ያድራል። ከዚያ መንገደኛው ይገዛል፣ ያኝካል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ዳግመኛም በዚያ በር አያልፍም። ሙሽራዋም ዝንጅብሏን ይዛ ጥግ ላይ ትቀራለች። ደግሞ «ያልጣፈጠሽን ጣፈጠኝ ከምትይ ምላስሽን ቆርጠሽ ጣይው» እያለች ያሳደገቻት ማን ሆነና? ይህችው ሴት።

ወጣች።

«ሁለተኛው» አለች። «ዝንጅብሉ።»

ሙሽራዋ የያዘችውን ሰሃን ልትጥለው ምንም አልቀራት። ወንድሟ ሳቀ፤ የተከተለው ሲያጣ አቆመ።

«የእቴቴስ?» አለ አጎቷ።

«የእቴቴ ዘንድሮ አላሸነፈም።»

ሌላ አልጨመረችም። የአፍንጫውን ነገር መናገር የእቴቴ የራሷ ፈንታ ነው።

ወደ ኩሽና ተመለሰች። አክስቷ ጀርባዋን ሰጥታ የድስቱን ቂጥ ትፈገፍጋለች።

«ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምድጃው አጠገብ እቆማለሁ» አለች ቀማሿ። «አንቺ ታማስያለሽ፣ እኔ አሸታለሁ።»

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም።»

አክስቷ ፍግፈጋዋን ቀጠለች። ከዚያ ዞር ሳትል፦

«እንዳታረፍጂ» አለች።