አለሁ ያለችው ዘንዶ

በዚያ የንግሥ ማለዳ የአርዜና ፀሐይ በሁለት ቀለበት ተከብባ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ሽቅብ አይተው ጢማቸውን ዳበሱ። እቴጌ ዘሚት ግን ምልክቱን አልወደደችውም። ከሞተው ንጉሥ የወለደቻት አንዲት ልጇ ላዛን ዘውድ የምትደፋው በዚያ ቀን ነበር።

የትውልዱ ጥቅል ከዙፋኑ እግር ተነሥቶ፣ የግቢውን ደረጃ ወርዶ፣ እስከ ከተማይቱ በር ተዘርግቷል። በብራናው ላይ ከመጀመሪያው ንጉሥ ከዶራን ጀምሮ የነገሥታቱ ስም እያንዳንዱ በክብ ውስጥ ተጽፏል፤ አባትን ከልጅ ቀይ ሐረግ ያያይዘዋል። በአርዜና ሕግ አንባቢው ስም ሲጠራ የዚያ ሰው ዘር የሆነ ሁሉ ተነሥቶ «አለን» ይላል። ተኳርፈው የከረሙ ቤቶች እንኳ በአንድ አያት ስም አብረው ሲነሡ ጦራቸውን ያወርዳሉ።

የእናቶች ስም በጥቅሉ ላይ የለም። የእናት ድርሻ ሌላ ነው። ልጅ ስትወልድ አንድ ቆዳ ትፍቃለች፤ ልጇ ሲነግሥ ስሙ የሚጻፍበትን ያንን ቆዳ ከጥቅሉ ጫፍ ጋር ትሰፋለች። ለአንድ ልጅ አንድ ቆዳ ነው፤ ሁለተኛ አይፈቀድም። ዘሚትም የላዛንን ቆዳ ሕፃኗን በአንድ ክንዷ ታቅፋ በሌላው የፋቀችው ነው። ያን ማለዳ ለማንም አላምንም ብላ ከነመርፌውና ከነቀለሙ በጀርባዋ አዝላው ቆማ ነበር።

አንባቢው «ዶራን» ብሎ ጠራ። አደባባዩ ሁሉ «አለን» አለ። ከዶራን ክብ ሥር በጦር የተወጋ ክንፋም ዘንዶ ተሥሏል፤ ከአጠገቡም «ኡርሳም» የሚል ስም ተጽፏል። የተጻፈ አይዘለልምና አንባቢው ያንንም ጠራ። ለኡርሳም የሚነሣ አልነበረም። ሁልጊዜ በዚህ ቦታ ከነጩ ተራራ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ሕዝቡም ሰማይ መረቀን ይላል።

ዛሬ ነጎድጓድ አልመጣም። በምትኩ ጥላ መጣ። አንዲት ታላቅ ዘንዶ ክንፏን አጥፋ በከተማይቱ በር ላይ አረፈችና አፏን ከፈተች። ምን እንዳለች የሰማ የለም፤ ቀስቱ እንደ ዝናብ ወርዶባታልና። ቆስላ ጮኸች፤ ከዚያም ጥቅሉን በአፏ ጠቅልላ ወደ ነጩ ተራራ በረረች።

ሳይመሽ፣ ተኳርፈው የከረሙት የላይኛው ቤትና የታችኛው ቤት ጦር መሳል ጀመሩ። ላዛን በባዶው ደረጃ ላይ ቆመች።

«በአባቴ ክብና በቀዩ ሐረግ እምላለሁ» አለች፤ «ጥቅሉን ሳልይዝ ይህን ደረጃ አልወጣም። እስክመለስ ድረስ ጦሩን የሚያነሣ ሁሉ የዶራን ዘር አይባል።»

ጦር ያስተማራት ሽማግሌው ጎርዳ ወዲያው ስንቁን አሰረ። ዘሚትም አሰረች።

«እማ፣ አንቺ የት ነው?» አለች ላዛን።

«ካፖርትሽን ረስተሻል። ተራራው ላይ ብርድ አለ።»

«እቴጌ፣ ይህ የጦር መንገድ ነው» አለ ጎርዳ።

«እርስዎም ጎርዳ፣ ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ እሰማለሁ። ሁለታችንም እንሄዳለን።»

ከተራራው በፊት ስም በላ የሚባለው ሸለቆ አለ። በጉሙ ውስጥ ያለፈ ሰው ስሙን ይረሳል፤ ስሙን የረሳ ደግሞ መንገዱን ረስቶ እዚያው ይቀራል። በየድንጋዩ ሥር የተቀመጡ፣ ማንነታቸው የጠፋባቸው ሰዎች አጥንት ነጥቷል። ሦስቱ በአንድ ገመድ ታስረው ገቡ። ዘሚትም በቤቷ የለመደችውን ጀመረች።

«ላዛን።»

«አለሁ።»

«ጎርዳ።»

«አለሁ እመቤቴ።»

«ላዛን።»

«አሁን እኮ ጠራሽኝ።»

«አለሁ በይ።»

«አለሁ፣ አለሁ።»

«በሰላሙ ጊዜ ይህን ጥሪ እንሸሽ ነበር» አለ ጎርዳ እየሳቀ። «ዛሬ ከጋሻ በለጠ።»

እነሱ «እቴጌ»ም «እማ»ም ይሏት ነበር። ከሸለቆው መሐል ስትደርስ ግን ዘሚት አንድ ነገር ጎደላት። በእናቷ ቤት ማን ይሏት ነበር? ፈለገችው፤ አጣችው። ከድንጋዮቹ በአንዱ ላይ መቀመጥ አማራት። ገመዱ ባይስባት ትቀመጥ ነበር። ጉሙ ሲሳሳ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው፣ ስሟ ቀስ ብሎ ተመለሰላት። «ላዛን» ብላ መጥራቷን ቀጠለች።

ዘንዶዪቱን በነጩ ተራራ ዋሻ ውስጥ በጥቅሉ ዙሪያ ተጠምጥማ ተኝታ አገኟት። ክንፏ ላይ የቀስት ስባሪ ቀርቶ አብጧል።

«አንገቷ ሥር ለስላሳ ነው» አለ ጎርዳ በሹክሹክታ። «ልዕልቴ፣ አንድ ውርወራ ይበቃል።»

ላዛን ጦሯን አነሣች። ዘሚት ግን ክንዷን ያዘቻት። የእሷ ዓይን ያረፈው በተዘረጋው ብራና ላይ ነበር። ዘንዶዪቱ አፍንጫዋን ያሳረፈችው በነገሥታቱ ስም ላይ አልነበረም፤ ከዶራን ክብ ሥር ባለችው ትንሽ ስም ላይ ነበር። ዘሚት የባሏን ንግሥ አስታወሰች። ያኔም ነጎድጓዱ የመጣው ይኸው ስም ከተጠራ በኋላ ነው።

«ልጄ፣ ያንን ስም ጥሪው።»

ላዛን እናቷን አየች፤ ከዚያም «ኡርሳም» ብላ ጠራች።

ዘንዶዪቱ ዓይኗን ገለጠች። «አለሁ» አለች። ድምፅዋ ያ ነጎድጓድ ነበር።

ጎርዳ ጦሩን እንደ ምርኩዝ ተደገፈው።

«እኔ ኤልሙር ነኝ፤ የኡርሳም የልጅ ልጅ። በጠራችሁት ቁጥር ከዚህ ሆኜ መለስሁ። አልሰማችሁኝም። ከኔ በኋላ የሚመልስ የለምና ዘንድሮ ቀርቤ ልመልስ ብዬ ወረድሁ። በቀስት ተቀበላችሁኝ።»

ላዛን ጦሯን መሬት ላይ አኖረች። «ሕጉን ያፈረስነው እኛ ነን። የመለሰ ሰው አይወጋም። ለዚህ በደል ምን ካሣ ትሺያለሽ?»

«ዘሬን ጻፉልኝ። ኡርሳምን፣ እናቴን፣ በእንቁላል ሳሉ የሞቱትን ልጆቼን። በሌላ ብራና ከሆነ ተረት ነን። ከእናንተ ስም ጋር፣ በሚነበበው ላይ ይሁን።»

ከጥቅሉ ጋር ሊሰፋ የሚችል አንድ ቆዳ ብቻ በዋሻው ውስጥ ነበር፤ እሱም በዘሚት ጀርባ ላይ ነው። ላዛን ዞራ እናቷን አየቻት። ቆዳዋን የሰጠች አትነግሥም።

«የአጎቴ ልጅ ሄራን የራሱ ቆዳ አለው» አለች ላዛን በዝግታ። «ሰው የሚያዳምጥ ልጅ ነው።»

ዘሚት ቆዳውን ከጀርባዋ ፈትታ ጭኗ ላይ አኖረች። ጠርዙን ስትፍቅ ላዛን ጡት እየጠባች ረግጣት መፋቂያዋ የሳተበት ቦታ እስካሁን ይታያል። የልጇ ስም ከሺህ ዓመት በኋላ ሲነበብ ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሰምታው ነበር። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ላዛን» አለች።

«አለሁ፣ እማ።»

«እንግዲህ ይሄው ነው የምፈልገው። ቀለሙን አምጪ።»

ላዛን ጻፈች፤ ዘሚት ሰፋች። ስም ያልወጣላቸውን ግልገሎች ኤልሙር እዚያው እያሰበች ስም አወጣችላቸው። ጎርዳም የቀስቱን ስባሪ ነቅሎ ቁስሉን አጠበ፤ እያጠበም ዘንዶዪቱን «እንዳትነክሺኝ፤ እኔ እንኳ ሥጋዬ መራራ ነው» ይላት ነበር።

«የምትሰፊኝ አንቺ ማን ነሽ?» አለች ኤልሙር።

«እቴጌ ነኝ።»

«እሱ የወንበር ስም ነው።»

ዘሚት መርፌዋን አቆመች። «ዘሚት» አለች።

የኤልሙር ክንፍ ሲሻለው በሸለቆው ላይ በጀርባዋ በረው ተሻገሩ። አርዜና ሲደርሱ በሁለቱ ቤቶች መካከል ጦር ገና አልተወረወረም ነበር። ላዛን ያደረገችውን በደረጃው ላይ ቆማ ተናገረች፤ ዘውዱንም በገዛ እጇ በሄራን ራስ ላይ አኖረች። ሄራን ጥቅሉን እንድትጠብቅ ሾማት። ሥራው ደስ አላት፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ አይደለም፤ እናቷም ይህንኑ ወደደችለት።

በሄራን ንግሥ አንባቢው «ኡርሳም» ብሎ ጠርቶ ቆመ። ከበሩ ላይ «አለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። መስኮቶች ተንቀጠቀጡ፤ ሕፃናት አለቀሱ፤ ቀስት ያነሣ ግን አልነበረም። ከዚያ ታችኛው ቤት፣ ቀጥሎም ላይኛው ቤት፣ ለእንግዳዋ ተነሡ። አንባቢው የግልገሎቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ። ስለ ሁሉም እናታቸው መለሰች።

ንባቡ ሲያበቃ ሕዝቡ ሊበተን ሲል ኤልሙር አንገቷን ወደ አደባባዩ አወረደች።

«አንድ ስም ቀርቷል» አለች። «ዘሚት።»

አደባባዩ እርስ በርሱ ተያየ። ብዙዎቹ እቴጌይቱን በዚህ ስም አያውቋትም ነበር። ላዛን የእናቷን ክንድ በቀስታ ነካች።

ዘሚት ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አለሁ» አለች።