ስልኩ እንዳይዘጋ

ድንቢጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ድንቢጥ ያሏት ትንሽ ሆና ሳለ ወሬዋ ስለማያልቅ ነው። የምትኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከልብስ ሰፊ እናቷ ጋር ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና አለ፤ ግድግዳው ላይ የአባቷ የሥራ ካፖርት ተሰቅሏል። አባቷ ግን የለም። በያጅ ነው፤ ሥራ ያገኘው ሩቅ ከተማ ነው፤ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ድንቢጥ አንዳንዴ ካፖርቱን ታሸተዋለች። ምን ያስቃችኋል? ናፍቆት እንዲህ ነው ልጆች።

አንድ እሑድ አባቷ ደወለ። በሳምንት አንዴ ብቻ ነበር የሚደውለው።

«የምሥራች! እዚያ ቤታችን አጠገብ ያለው ፋብሪካ በያጅ ይፈልጋል። ግን ፈተና አለው። የማሽኖቹ መመሪያ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው አሉ።»

«እኔ አስጠናሃለሁ!» አለች ድንቢጥ። እውነቷን ነው፤ በክፍሏ በእንግሊዝኛ የሚስተካከላት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ሲወጣ ይደውል ጀመር። ያስቸገሩት አራት ትንንሽ ቃላት ነበሩ፤ ካን፣ ሜይ፣ ሹድ እና መስት።

«ካን ማለት ትችላለህ ነው፤ አቅሙ አለህ። ሜይ ተፈቅዶልሃል ነው። ሹድ ብታደርገው ይሻልሃል ነው። መስት ግን የግድ ነው፤ ወለም ዘለም የለም።»

«እሺ የኔ መምህር። ወፍራም ብረት መቁረጥ፣ ካን። በእረፍት ሰዓት ውጭ መቀመጥ፣ ሜይ። ጓንቴ ሳይበሳ መቀየር፣ ሹድ። መነጽር ሳላደርግ ብበይድ ግን ዓይኔ ይጠፋል፤ መነጽር መስት!»

አንዱንም አልሳተም። ድንቢጥ ግን ደነገጠች። ትምህርቱ ካለቀ ስልኩ ሊዘጋ ነዋ!

«ተሳስተሃል አባዬ። እንደገና።»

እንደገና መለሰ። «አሁንም ልክ አይደለም» አለችው። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

«ምን ነካኝ? ጭንቅላቴ ዶለዶመ እንዴ?» ይላል አባት።

ከመተኛቷ በፊት ደግሞ ተንበርክካ «አምላኬ ሆይ፣ አባዬን ቶሎ አምጣልኝ» ትላለች። እስቲ ፍረዱ! በጸሎቷ አምጣልኝ እያለች በውሸቷ ወደ ኋላ ትጎትተዋለች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን አባቷ ሲደውል ድምፁ ቀዝቅዟል።

«ልጄ፣ ምዝገባው ነገ ያበቃል። እኔ ግን አልመዘገብም። አራት ቃል ያልገባው ሰው ምን ብሎ ይፈተናል? እዚሁ ልሥራ። የዛሬ ዓመት እንሞክር ይሆናል።»

ድንቢጥ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ግን አባቷ ይቀየማታል፤ ምናልባት መደወሉንም ይተዋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትቸኩሉ፣ ከባድ ነው። እናቷ የስፌት መኪናውን አቁማ ቀና ብላ አየቻት።

«አባዬ... ዋሽቼሃለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉንም በትክክል ነው የመለስከው።»

«ምን አልሽ?»

«ትምህርቱ ካለቀ ስልኩን ትዘጋዋለህ ብዬ ፈርቼ ነው። በጣም ናፍቀኸኛል። ይቅር በለኝ።»

አባቷ ተቆጣ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን ደደብ ስል የከረምኩት...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም፤ ድምፁ ተሰበረ። «ደግመሽ እንዳትዋሺኝ፣ እሺ? እኔም እኮ ስልኩን ልዝጋ ስል እጄ እሺ አይለኝም። በይ አሁን ልዝጋው፤ ቅጹን ቶሎ ሞልቼ ልላክ።»

ስልኩ ተዘጋ። እናቷ እቅፍ አድርጋ እንባዋን ጠረገችላት።

አባቷ ተፈተነ፤ አለፈም። የመጣ ቀን ድንቢጥን ብታዩአት! ያቺ ወሬዋ የማያልቀው ልጅ አንዲት ቃል አልወጣትም። አባቷ እራቱን እስኪጨርስ ድረስ እጅጌውን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ደግሞም ማንም ሂጂ ተኚ አላላትም።

ልጆቼ፣ የምንወደውን ሰው በውሸት ይዘን ማቆየት የለብንም፤ ብንፈራም እንኳ እውነቱን እንንገረው።