አሥራ ሁለተኛው ጥርስ

ሠዓሊው ገና ከወደቀባቸው ድንጋይ ሥር ሳይወጡ፣ ጣት ሁሉ ወደ ዝሆኑ ተቀሰረ።

«ሰንሰለቱን የያዘው እሱ ነው፤ ሌላ ማን ሊለቀው ኖሯል?» አለ አታሚው፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም።

ዝሆኑ ሥዕል የሚታተምባቸውን ድንጋዮች በሰንሰለት ማንሻ የሚያነሳ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ጉልበቱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መዳፎቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ እንደ ሰው ዕቃ ያያቸዋል። እጄ አላዳለጠኝም ብሎ ይማል? በምን አንደበቱ! እኚያን የመሰሉ ሰው ገድሎ፣ ወህኒ ቢያወርዱትስ ምን ብሎ ይከራከራል?

መርማሪዋ አጭር፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። ማንንም ሳትጠይቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሁለት ወረቀቶች ትመረምር ጀመር። ሁለቱም ሟቹ ድንጋይ ላይ ስለው፣ ቀን እየጻፉበት ለሙከራ ያሳተሙት አንድ ሥዕል ናቸው፤ ክብ በክብ ላይ የተደራረበበት፣ ቅጡ የጠፋ ነገር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ረቂቅ ሥዕል ነው፤ ሁሉም የፈለገውን ያይበታል» አለ አታሚው።

«አንተስ ምን አየህበት?» አለችው ዝሆኑን።

«አውራ ዶሮ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

የሟቹ ሚስት እንባዋን ጠረገች። «ባለቤቴ ያላየውን አይስልም ነበር። ማሽን ካየ ብሎኑን ሳይቆጥር አይነሳም።»

«እንግዲያው እኔም ልቁጠር» አለች መርማሪዋ። «በመጀመሪያው ሙከራ ይሄ መዘውር አሥራ አንድ ጥርስ አለው። በማክሰኞው አሥራ ሁለት። ይቺን ማን ጨመራት?»

«እሱ ራሱ ነዋ!» አለች ሚስትየው። «ማክሰኞ ደስ ብሎት መጣ። ‹ተጠገነ፤ እኔም ድንጋዩ ላይ ጠገንኩት› አለኝ። ምኑን ብዬ አልጠየቅሁትም። ምነው በጠየቅሁት ኖሮ!»

መርማሪዋ መሰላል አስመጣች፤ የድንጋይ ማንሻውን ክዳን ፈትታ ለብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ ክዳኑን ይዛ ወረደችና ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ሥዕሉ ይሄ ማንሻ ነው» አለች። «ውስጡ ያለው መዘውር አንድ ጥርስ ጎድሎታል። ስብራቱ ዝጓል፤ የዛሬ አይደለም። ትንንሽ ድንጋይ ችሎ ነበር። ከባዱ ሲመጣ ግን ሰንሰለቱ ክፍተቱ ላይ ያመልጣል፤ እንኳን አንተ፣ እውነተኛ ዝሆንም አይዘውም። ድንጋይ ሲነሳ ሰውየው የት ይቆሙ ነበር?»

«በር ላይ» አለ ዝሆኑ። «ዛሬ ግን ጠጋ አሉ።»

«ተጠግኗል ብሎ የዋሻቸው ሰው አለ ማለት ነው።»

«እኔ ያንን ክዳን በሕይወቴ ከፍቼ አላውቅም!» አለ አታሚው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መርማሪዋ ክዳኑን ገለበጠችው። ውስጡ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ ታትሟል።

«የማተሚያ ቀለም ነው። ወንድምህ የሚስሉት በቅባት እርሳስ ነው፤ ዝሆኑን ደግሞ እንኳን ቀለም፣ ወረቀትም አታስነካውም። እዚህ ቤት ቀለም የሚነካው ማነው?»

አታሚው እጆቹን ኪሱ ሊከት ሞከረ፤ ከዚያ ተወው።

«ጥርሱ መሰበሩን ያሳየኝ እሱ ነው። የሥዕሉ ዐውደ ርዕይ ግን ዓርብ ነው። ሥራ ካቆምን አይደርስም። ከዓርብ በኋላ አስጠግነዋለሁ ብዬ… ‹አስጠገንኩት› አልኩት። አመነኝ እኮ! ወንድሙ አይደለሁ፣ አመነኝ!»

«ይሄን ምስኪንስ ለምን ወነጀልከው?» አለች ሚስትየው።

«ፈራሁ።»

ፖሊሶች አታሚውን ይዘው ሲወጡ መርማሪዋ ወደ ዝሆኑ ዞረች። «ተነሥ፣ ቤትህ ግባ። እጅህ ንጹሕ ነው።»

አልተነሣም።

«ጋሼ በቀደም ያን የመጀመሪያውን ወረቀት አሳይተውኝ ‹እስቲ ጥርሱን ቁጠር› ብለውኝ ነበር» አላት። «እኔ ‹ዶሮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ጥርስ አወጣ?› ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ፤ በዚያው ቀረ።»

ዝሆኑ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ወረቀት ሄደና በወፍራም ጣቱ ይቆጥር ጀመር። አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።