ደረቅ ጫማ፣ እርጥብ ካልሲ

ሽማግሌው ፎርማን ከጓሮው መሰላል ሥር በጀርባው ተዘርሯል። ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ናቸው፤ ከጣሪያው ላይ የላላ ሚስማር የሚፈልግ ይመስላል።

መርማሪዋ አጠገቡ ቁጢጥ ስትል ጉልበቷ ተንቋቋ። ሰሞኑን ወንበር ባየች ቁጥር መቀመጥ ያምራታል፤ ከተቀመጠች ደግሞ አለመነሳት። ጡረታዋ ቀርቧል። አከራይዋ ቤቱን ልቀቂልኝ ብላታለች። እሑድ እሑድ የሚሸጥ ቤት ስታይ ትውልና ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፋለች። ዛሬ እሑድ አይደለም፤ ቤቱ ግን ያው የሚሸጥ ቤት ነው።

«ወድቆ ነው ኢንስፔክተር» አለ አስር አለቃው። «ጣሪያ ሊያይ ወጥቶ መሰላሉ ከዳው። ነገሩ ግልጽ ነው።»

«እንዲህ ያስረጀኝ ግልጽ ነው የተባልኩት ነገር ሁሉ ነው» አለችው።

ሟቹ የግንባታ ሥራውን በዕድሜ ከተወ ወዲህ፣ ቤት ለሚገዙ ሰዎች ቤት እያየ ነበር የሚተዳደረው። ከባድ የቆዳ ጫማ ተጫምቷል። ማሰሪያው ጥብቅ ተደርጎ ሁለቴ ተቋጥሯል፤ ጫፎቹም እንዳይንጠለጠሉ በጎንና በጎን ወደ ጫማው ውስጥ ተወትፈዋል። ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል፤ ጓሮው አመድ መስሏል፤ ጫማውም ላይ ያለው አቧራ ብቻ ነው። ቁርጭምጭሚቱን ስትነካ ግን ጣቷ ረጠበ። ማሰሪያውን ፈትታ ጫማውን ሳበችው። ካልሲው ውሃ ጠግቧል።

«አስር አለቃ፣ በደረቅ ጓሮ፣ በደረቅ ጫማ ውስጥ፣ የሰው እግር እንዴት ይርሳል?»

«ላብ ይሆናላ።»

«ላብ ቢሆንማ እኔ እስካሁን ዋኝቼ ቢሮ በገባሁ ነበር።»

ሳሎን ውስጥ አራት ሰዎች ጠበቋት። ገዢዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስትዞር ያረጀች ሴት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከጎኗ የተቀመጠው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ወላጆቻቸው በልጅነቱ ስለሞቱ እየሰፋች ያሳደገችው እሷ ናት። ደላላው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የቤቱ ባለቤት እማማ ደግሞ ከሁሉም ራቅ ብለው ጣቶቻቸውን ያፍተለትላሉ። ውሉ የሚፈረመው ዛሬ ማምሻውን ነው። ቤቱ ደህና ከሆነ ልብስ ሰፊዋ አረፈች ማለት ነው። ካልሆነ ግን ይህን ያህል እንደገና የምታጠራቅምበት ዕድሜ የላትም።

መርማሪዋ በመጀመሪያ እሷን ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

«ፎርማኑን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ። አንድ ደንበኛዬ ቤት ስትገዛ እሱ ነው ያየላት። ቤት የሚያየው በእግሩ ነው። ጫማውን አውልቆ በካልሲው ይዞራል። ‹ዓይንን ቀለም ያታልለዋል፤ እግር ግን አይዋሽም› ይላል።» ራሷን አረመች። «ይል ነበር።»

«ዛሬ ምን ሊያይ ነበር?»

«የጓሮውን ክፍል። የፊቱን ትናንት ጨርሷል። እኔ እዚህ መስኮቱን ስለካ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬን እዚህ ነው የማስቀምጣት። ብርሃኑን አዩልኝ?»

መርማሪዋ አየችው፤ እውነትም ደስ ይላል። ሰው ቤት ሲገዛ የሚሳሳተው እንዲህ ሲሆን ነው፤ መስኮቱን ይወድና ግድግዳውን ማንኳኳት ይረሳል። እሷም ባለፈው እሑድ ለአንዲት በረንዳ ብላ ልትሞኝ ምንም አልቀራት።

ደላላው ሳይጠየቅ ጀመረ።

«እኔ በር ላይ ስልክ ሳወራ ነው ኢንስፔክተር! ሌላ ገዢ ደውሎ...»

«ሌላ ገዢ አለ?»

«ሌላ ገዢ እኮ ሁልጊዜም አለ።»

«ስሙን ንገረኛ።»

ደላላው ጣሪያውን አየ፤ ወለሉን አየ። «ስም እንኳ የለውም» አለ በመጨረሻ።

«ፎርማኑንስ ታውቀዋለህ?»

«የማያውቀው ደላላ አለ እንዴ? ‹ካልሲው መጣ› ከተባለ ሁላችንም ሆዳችንን ነው የሚቆርጠን። ስንት ሽያጭ አፍርሶብኛል! ማሰሪያውን እንኳ አያስረውም፤ ልቅ ነው፣ እንደ ነጠላ ጫማ ወለቅ ጠለቅ ያደርገዋል። እደብቅበት ይሆን እያልኩ ስንቴ አስቤያለሁ። ግን በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆንብኝ።»

እማማ ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው መለሱ።

«ትናንት ሳየው ሳቄ ነው የመጣው። ያን የሚያህል ሰው ልቅ ጫማውን በር ላይ ጣል አድርጎ በካልሲ ሲንጎራደድ!»

«የጓሮውን ክፍል ትናንት ለምን አላሳዩትም እማማ?»

«ቀለሙ አልደረቀማ።»

«እሱን ክፍል ብቻ ነው ያስቀቡት?»

«ምን ክፍሉን፣ አንዱን ግድግዳ ነው እንጂ» አሉና ከንፈራቸውን ነከሱ።

ወንድምየው ኮቱን ገልብጦ፣ ገበሩን ወደ ውጭ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አጥፎታል። ሲናገር እርጋታው የሚያስቀና ነው።

«ሰውየውን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። በር ላይ ሰላም ብዬው ገባሁ። በኋላ ኮሪደሩ ጋ ቆሜ በጓሮው በር መሰላል ሲወጣ አየሁት። ‹በዚህ ከባድ ጫማ ትንሸራተታለህ› ብለው አልሰማኝ አለ።»

«የጓሮው ክፍልስ ገብተሃል?»

«ኧረ እኔ ከኮሪደሩም አላለፍኩ።» ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ያሳዝናል፤ ግን እሱ አንዴ ሞቷል። የእህቴ ዕድል አብሮ አይሙት። ፊርማው ዛሬ ካልሆነ ቤቱ ያመልጣታል።»

«ኮትህን አትለብሰውም?»

«ይሞቃል።»

መርማሪዋ የወንድምየውን የጫማ ማሰሪያ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀጥላ የእህቱን ጫማ አየች። ያኔ ድካሟ እጥፍ ሆነ።

ኮሪደሩ ላይ የራሷን ጫማ አውልቃ ወደ ጓሮው ክፍል ገባች። ክፍሉ ለዓይን እንከን የለውም፤ አዲስ ላስቲክ ምንጣፍ፣ ንጹሕ ግድግዳ፣ ትልቅ ቁም ሳጥን። ወደ ቁም ሳጥኑ ስትጠጋ ግን ከምንጣፉ መጋጠሚያ ቀዝቃዛ ውሃ ተፍ እያለ ካልሲዋን አራሰው። አስር አለቃውን ጠርታ ሳጥኑን አስገፋችው። ከኋላው ያለው ግድግዳ ክሬም ቀለም ተለቅልቋል፤ ቀለሙ ግን ከታች ውሃ ቋጥሮ አብጧል፤ ከላይም ገና እጅ ላይ ይጣበቃል። አንድ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ታክኮት ጠርጎታል። ወደ ጓሮው የሚያወጣው በር ደፍ ድንጋይ ነው። ደፉ ታጥቧል፤ ከስንጥቁ ውስጥ ግን ደሙ አልለቀቀም። መሰላሉ ከደፉ ጥቂት እርምጃ ቢርቅ ነው።

ሁሉንም ወደዚያው ክፍል ጠራቻቸው። ልብስ ሰፊዋ ያበጠውን ግድግዳ ስታይ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«እማማ፣ ይሄ ውሃ ከየት ነው?»

«ከመሬት ውስጥ፣ ከቧንቧ ነው ይላሉ... ስንቴ አስቆፈርኩ፣ አልተገኘም» አሉ እማማ። አለቀሱ። «ሸጬ ልገላገል ብዬ ነው እንጂ ሰውስ አልገደልኩም።»

«ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» አለች መርማሪዋ ቁም ሳጥኑን ተደግፋ። «ፎርማኑ እንደ ልማዱ ጫማውን ኮሪደሩ ላይ አውልቆ እዚህ ገባ። እግሩ ረጠበ፤ ሳጥኑን ገፍቶ ጉዱን አየ። የሞተውም እዚሁ ነው፤ ደፉ ይመሰክራል። ገዳዩ አውጥቶ መሰላሉ ሥር አስተኛው። ጫማው ግን ኮሪደሩ ላይ ቀረ። በካልሲ መሰላል የሚወጣ ሰው የለም ብሎ አሰበና አጫማው። ያውም ጥብቅ አድርጎ አስሮ።»

«ያ ሰውዬ አስሮ አያውቅም!» አለ ደላላው።

«አየህ? አንተ ታውቃለህ። እማማም ትናንት አይተዋል። እህታችንም ታውቃለች። እናንተ ብታጫሙት ልቅ አድርጋችሁ ነበር የምትተዉት። ሰውየውን ዛሬ ገና ያየ ግን ጫማ ሁሉ የሚታሰር ይመስለዋል።»

ወንድምየው ሳቀ። «ይሄ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። አስተሳሰሩ ግን አለ። ሁለቴ ተቋጥሮ፣ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ተወትፈው። እዚህ ቤት እንዲህ የሚያስር ሰው ሁለት ነው፤ አንተና እህትህ። እሷ ልቅ መሆኑን ታውቃለች። አንተ አታውቅም። ይልቅስ ኮትህን ልበሰው።»

«አልኩሽ እኮ፣ ይሞቃል።»

«ልበሰው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሁሉም ዘወር አሉ። ይህን ድምጽ ከሷ የጠበቀ አልነበረም።

አልለበሰውም። አስር አለቃው ከእጁ ወስዶ ገለበጠው። ከግራ ትከሻው እስከ ክርኑ ክሬም ቀለም ተለቅልቋል። ሳጥኑን ወደ ቦታው ሲመልስ ግድግዳው የሳመው ነው።

ደላላው ግንባሩን መታ። «የድለላው ግማሽ የሱ ነው፤ አስቀድሜ ሰጥቼዋለሁ። ‹እህቴን እኔ አሳምናታለሁ፣ አንተ ብቻ ሌላ ገዢ አለ በላት› ብሎኝ ነው። ሰው ይገድላል ብዬ አላሰብኩም።»

«ልገድለው አልነበረም!» ወንድምየው ላብ አጠመቀው። «አጥፍቼዋለሁ ገንዘቡን፤ ከየት አምጥቼ ልመልስ? ‹ዝም በል› ብዬ ለመንኩት። ‹እህትህ እኮ ናት፣ እንዴት አስችሎህ?› አለኝ። ገፈተርኩት። እታለም፣ ስሚኝ...»

ልብስ ሰፊዋ አልሰማችውም፤ የምታናግረው መርማሪዋን ነበር።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ እኮ ጠርጥሬያለሁ። ካርታውን አስመርምሬያለሁ። ጎረቤት ጠይቄያለሁ። ደላላውን አላመንኩም፤ ባለቤቷንም አላመንኩም። ምን ቀረኝ? እሱን ደግሞ በማን ላስመርምረው ነበር?»

መርማሪዋ ከሳሎን ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻት።

ከመኪናው ጎን አስር አለቃው ወንድምየውን አስቆመው። «ቀበቶህንና የጫማ ማሰሪያህን ፍታ። ደንብ ነው።»

ወንድምየው ጎንበስ አለ። የተወተፉትን ጫፎች አወጣ፤ ቋጠሮው ግን እንቢ አለው። ሁለቴ ሞከረ። ልብስ ሰፊዋ ከግቢው በር ሆና ስታየው ቆየች። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ መጣችና እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«ትምህርት ቤት ስትገባ ማሰሪያህ ጠልፎህ ጥርስህ ተሰበረ» አለችው ቀና ሳትል። «እንዲህ ማሰር ያስተማርኩህ ያኔ ነው። እንዳትወድቅብኝ ብዬ።»

የአንዱን ፈታች፤ የሌላውንም ፈታች። ማሰሪያዎቹን እንደ ክር ጣቷ ላይ ጠቅልላ ለአስር አለቃው ሰጠችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ አቧራውን አራገፈች፤ ወደተከራየችበት ቤትም በእግሯ ሄደች።