የኡሙሰልማ ካርድ

«ስም?»

«ኡሙሰልማ ዘይኑዲን።»

«ዕድሜ?»

«ሃያ።»

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«የቤት ሥራ።»

ታሂር በተገለበጠ ጀሪካን ላይ እግሩን አነባብሮ እንደ ሹም ተኮፍሶ፣ ከቁልቋል ቅጠል የቀረጸውን ማኅተም በበለስ ጭማቂ ነክሮ ደብተሯ ላይ አተመ። «እለፊ» አላት። ሳሊሀ በግቢው መሐል የተዘረጋውን ገመድ ተሻግራ ሪያድ ገባች።

ዕድሜዋ አስራ አምስት ነው። አክስቷ ሪያድ ሥራ አግኝታላታለች፤ ለሥራ የሚሄድ ሰው ግን ፓስፖርቱ ላይ ለአካለ መጠን የደረሰ መሆን አለበት። አባቷ ዘይኑዲን ብዙ አልተጨነቀም። ሳሊሀ ሳትወለድ በፊት፣ በሦስት ዓመቷ የሞተችውን የታላቅ እህቷን የኡሙሰልማን የክትባት ካርድ ከሣጥን አወጣ። ነገ በካርዱ ከቀበሌ የልደት ምስክር ወረቀት፣ በምስክር ወረቀቱ ደሴ ሄዶ ፓስፖርት፣ ከዚያ ምርመራው፣ ቪዛው፣ አሻራው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሳሊሀ አሁንም ተደብቃ እንደምታጠና ለማንም አልነገረችም።

ወንድሟ ታሂር ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ ባጃጅ ይነዳል፤ ከቆቦ እስከ ዋጃ የሚደርስ ውሸት በአንድ ትንፋሽ ይዋሻል። የድንበር ሹም ወረቀት አያነብም ብሏታል። ፓስፖርቱን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፤ ስሙና ሰውየው እኩል ካልተነፈሱ የመስታወቱ በር አይከፈትም። አንድ የጎብዬ ሰው በወንድሙ ስም ሄዶ ሁለቱ በሮች መሐል ቀርቶ የለ? ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ፣ ራሱ ላይ እርግብ ጎጆ ሠርታበታለች።

«ደግሞ ከኋላሽ ድንገት ይጠሩሻል» አላት። «ካልዞርሽ አለቀልሽ።»

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ስም ሲጠራት ሰነበተ፤ ከጓዳ፣ ከባጃጁ ውስጥ፣ ከአጥር ማዶ። እሷም መዞር ለመደች። ሐሙስ ማታ እናቷ ሀሊሜ «ሳሊሀ» ብላ ሦስት ጊዜ ስትጠራት አልሰማችም። ትከሻዋን ስትነካት ነው የደነገጠችው።

አሁን ቀትር ነው። በቆቦ ቀትር ዶሮ እንኳ ግቢ አያቋርጥም። ሀሊሜ በዚህ ሰዓት ማንንም በስሙ አትጠራም፤ የማይጠራ ነገር አቤት ይላል ትላለች። ታሂር ግን የእናቱን ወግ ሰምቶ አያውቅም። ሳሊሀ ጀርባዋን እንደሰጠችው ድንገት ጮክ ብሎ «ኡሙሰልማ!» አለ።

«አቤት።»

ቀጭን የሕፃን ድምፅ ነበር። ከቁልቋሉ አጥር ሥር መጣ። ሳሊሀ አፏን ገና አልከፈተችም።

«ማንን ደብቀህ ነው? የጎረቤቱን ልጅ ነው አይደል?»

ታሂር አልሳቀም። ማኅተሙ ከእጁ ወድቋል። «ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለ፤ እሷም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነችው። አጥሩ ሥር ማንም አልነበረም። ፍየሎቹ ብቻ መመንዠክ አቁመው ሁሉም ወደዚያው ያያሉ።

ሀሊሜ ወንፊቷን እንደያዘች በር ላይ ቆማለች። አልተቆጣችም።

«አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሟን አልጠራሁም» አለች ቀስ ብላ። «ተኝታ ትረፍ ብዬ።»

በማግሥቱ ጠዋት ዘይኑዲን ሳሊሀን ይዞ ቀበሌ ሄደ። እናቷ የሆነውን ብትነግረውም አልሰማትም፤ መንገድ ላይ አብሽሪ፣ ሁለት ቃል ነው ተናግረሽ የምትወጪው እያለ አደፋፈራት። በቀበሌዋ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ቢጫውን የክትባት ካርድ አኖረ። ሳሊሀ ዐየችው፤ ጥግ ላይ የዘይት አሻራ አለበት፣ የትንሽ ጣት።

«ስምሽ ማነው?» አለች ጸሐፊዋ ብዕሯን አንሥታ።

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ሳሊሀ አንድ ትንሽ ሰው ቀሚሷን ይዞ የቆመ መሰላት። መልሷን የሚጠብቅ። አልዞረችም።

እጇን ዘርግታ ካርዱን ከጠረጴዛው አነሣች፤ በጥንቃቄ አጥፋ ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

«ሳሊሀ» አለች። «ሳሊሀ ዘይኑዲን። አስራ አምስት ዓመቴ ነው።»

ቀሚሷ ቀለላት።