የሰባተኛው ፖርት ስህተቶች

ወልደኪዳን ሞቶ የተገኘው ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የቆዳ ጓንት ፋብሪካ፣ ራሱ በሚሠራበት የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ነው። ማጅራቱ ተመትቷል። ቀኝ እጁ ከኮርኒሱ የወረደ ግራጫ ገመድ እንደጨበጠ ቀርቷል፤ መሰላሉም አጠገቡ ወድቋል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ በወጣበት፣ አስከሬኑን ያገኘው ዘበኛው ምህረቱ ነበር። ምህረቱ ከወለጋ ተፈናቅሎ ከልጆቹ ጋር መጠለያ የሚኖር ሰው ነው። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ከምሳ የተመለሱት ሠራተኞች ፖሊስ እስኪመጣ እንኳ ሳይጠብቁ ገዳይ ብለው በገመድ አሰሩት።

ኢንስፔክተር ማኅደረማርያም ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ምህረቱ የታሰረበትን ገመድ ማስፈታት ነው።

«ቢያመልጥስ?» ብሎ አፈጠጠባት ሥራ አስኪያጁ ቴዎፍሎስ። «ምሳ ሰዓት ላይ እዚህ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ውሰጂውና እንገላገል!»

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ከሦስት ተኩል እስከ አምስት በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ካሜራዬን አንዴም አልዘጋሁም። ስድስት ላይ ከሰው ጋር ምሳ ወጣሁ።»

የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ሥርጉት ደግሞ ከእሱ ትብሳለች። «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? አራት ሰዓት ካለፈ ጀምሮ ኢንተርኔቱ ተንቀራፎብኝ ወልደኪዳንን ስረግም ነው የዋልኩት። ስደውል አያነሳ!»

«ጨርሶ ተቋረጠብዎ?»

«አልተቋረጠም፤ ተጎተተ እንጂ።»

ማኅደረማርያም ወደ ምህረቱ ዞረች። «ከአራት ሰዓት እስከ አራት ተኩል የት ነበርክ?»

«በር ላይ፣ ከደብረ ሲና የመጣ የጭነት መኪና ስፈትሽ ነበር። ሾፌሩ ፈርሟል። እመቤቴ፣ ልጆቼ የገዳይ ልጆች ከተባሉ ማን ያስጠጋቸዋል?»

የበሩን መዝገብ አስመጥታ አየች። የየቢሮው ገመድ ወደሚሰካበት ሣጥን፣ ወደ ስዊቹ ሄደች። እዚያ ያለው ኮምፒውተር የስዊቹን ቁጥሮች በየአምስት ደቂቃው ይመዘግባል። አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ስዊቹ በእያንዳንዱ ፖርት፣ በእያንዳንዱ የገመድ መሰኪያ ማለት ነው፣ ስንት መረጃ እንዳለፈ፣ ስንቱ ተበላሽቶ እንደደረሰ ይቆጥራል» አለች። «ወልደኪዳን የቄስ ልጅ ነው፤ ‹የትናንት ኃጢአት ለትናንት› እያለ የስህተቱን ቁጥር በየጠዋቱ ዜሮ ያደርገው ነበር። ዛሬ የወይዘሮ ሥርጉት መስመር፣ ሰባተኛው ፖርት፣ እስከ አራት ከአሥር ዜሮ ነው። አራት ከሩብ ላይ ሁለት ሺህ ስህተት! ሟቹ ተመትቶ ሲወድቅ ጨብጦ የጎዳው ገመድ የእርስዎ ነው።»

«ኮምፒውተሬ እኮ ይሠራ ነበር!»

«የተጎዳ ገመድ ሁሌ አይቋረጥም። የተበላሸው መረጃ ይጣልና እንደገና ይላካል፤ የተጎተተብዎ ለዚህ ነው። ሲረግሙት ሞቶ ነበር።»

ሥርጉት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እንግዲህ ሰውየው ምሳ ሰዓት ላይ አልሞተም። በሞተበት ሰዓት ምህረቱ በር ላይ ነበር፤ መዝገቡን አይቻለሁ፣ ሾፌሩንም አነጋግሬዋለሁ። ሁሉም ስለ ምሳ ሰዓት ሲያወራ፣ አቶ ቴዎፍሎስ ግን ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ብለው የአራት ሰዓቱን አስረዱኝ።»

ቴዎፍሎስ ሳቀ። «መስመሬ ለአፍታ አላረፈም። ስዊቹን ጠይቂው!»

«ጠየቅሁት። የስብሰባው ምስልና ድምፅ ወደ እርስዎ መምጣቱን አላቆመም። ከእርስዎ የሚላከው ምስል ግን ከአራት ሰዓት እስከ አራት ከሃያ ወደ ምንም ወርዷል። ባዶ ወንበርዎ እንዳይታይ ካሜራውን ዘግተዋል። ሠላሳ ሰው በተሰበሰበበት አንድ ፊት ቢጎድል ማን ያስተውላል ብለው ነው። ደግሞም ከዚያው ከእርስዎ ፖርት እሑድ እሑድ፣ ሰው ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ብዙ መረጃ ሲወጣ ኖሯል። ኮምፒውተርዎን አስከፍቼ አየሁት፤ የፋብሪካውን የጓንት ንድፍ ለተፎካካሪ ነው የሚልኩት። ወልደኪዳን ይህን ደረሰበት።»

«ለፋብሪካው ባለቤት እነግራለሁ አለኝ!» ብሎ ጮኸ ቴዎፍሎስ። «ገመድ ይቀጥላል ብለን ብንቀጥረው ሰላይ ሆነ!»

ካቴናው እጁ ላይ ገባ። ምህረቱን ይቅርታ የጠየቀው ግን አንድም ሰው የለም። ሥርጉት ብቻ ፊቷን አዙራ «ነገ ሥራ ግባ» አለችው።

«ና፣ በመኪና ላድርስህ» አለችው ማኅደረማርያም።

«በፖሊስ መኪና ከገባሁማ ማን ያምነኛል?» አለና በእግሩ እየሮጠ ሄደ።

ሰው ገደለ የሚለው ወሬ ቀድሞት ደርሷል። ልጆቹን መጠለያው በር ላይ ሰው ከቧቸው ሲያለቅሱ አገኛቸው። ትልቋ እንደ ወትሮው አልተጠመጠመችበትም። ባለችበት ቆማ «አባዬ፣ እውነት ነው?» አለችው።