ያልደረቀው ሰደፍ

የልብስ ሰፊዋ አጎት ሞቶ የተገኘው ዓርብ ቀትር ላይ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለችው የሥራ ክፍሉ ውስጥ ነው። ደረቱን በጥይት ተመትቷል። አጠገቡ ከአባቱ የወረሰው፣ ወር ሙሉ ሲያድሰው የከረመው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ተጋድሟል። ጎረቤቱ ሁሉ «ሲወለውል ባረቀበት» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። እንደ አባት ያሳደጋት የወንድሙ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ግን «እኔ ነኝ የገደልኩት» ማለቷን አላቆመችም።

ምክንያት አላት። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከአባቷ ሣጥን ያገኘቻቸውን ሁለት ጥይቶች ይዛለት ሄዳ ነበር። አጎቷ ሰደፉን፣ የጠመንጃውን የእንጨት ክፍል፣ የመጨረሻውን የተልባ ዘይት በመዳፉ ቀብቶ ሽቦ ላይ እየሰቀለው ነበር፤ ብረቱ ለብቻው ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ምን ይዘሽብኝ መጣሽ አንቺ ደግሞ! መልሺው! ጥይትና ጠመንጃ እዚህ ቤት አብረው አያድሩም» አላት። እሷ ግን ወሬ ይዟት ጥይቶቹን እዚያው ረስታ ወጣች።

ምርመራውን የያዘችው ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት ቀጭን ሴት ናት። እሑድ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ቤት መጥታ፣ ዘይት የተቀባ ቁራጭ እንጨት ጠረጴዛው ላይ አኖረችና አውራ ጣቷን አተመችበት። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም።

መጀመሪያ የተጠየቀው የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም፣ ሾፌሩ ነው።

«ተጣልተን ነበር፤ አልዋሽም። በኩሩ አባቴ ነው፤ ጠመንጃው ለእኔ ይገባል ብዬ። ዓርብ ልታረቀው ብሄድ ሬሳውን አገኘሁ።»

«ጠመንጃውን ነካኸው?»

«ኧረ ምኑን ነክቼ! እግሬ አውጪኝ ነው ያልኩት።» እንጨቱን በክርኑ ገፋ አድርጎ እጅጌውን በእጁ ጠራረገ።

ቀጥሎ የልብስ ሰፊዋ ባል፣ አናጢው፣ ተቀመጠ። «የተሰነጠቀውን ሰደፍ የጠገንኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አልሄድኩም» አለ። እያወራ መዳፉ ቁራጩ እንጨት ላይ ይመላለሳል። ሚስቱ ልብ አላለችውም፤ ባሏ ያገኘውን እንጨት ሁሉ እንደ ድመት ሲደባብስ ነው የምታውቀው።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ወደ አጎቷ የሥራ ክፍል ተጠሩ።

«የሟች እጅ ደረቅ ነበር» አለች መርማሪዋ። «የሰደፉ ዘይት ግን ዓርብም ገና እጅ ይይዝ ነበር። ጠመንጃውን ጨብጦ ቢሆን መዳፉ በዘይት ይርስ ነበር። ለመሆኑ ዘይቱ ሳይደርቅ ከብረቱ ጋር ይገጥመዋል?»

«እሱ? ሦስት ቀን ሳይሞላው ለማንም አያስነካም!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ስለዚህ የገጠመው ሌላ ሰው ነው። የዚያ ሰው የጣት አሻራ ሰደፉ ላይ መቅረት ነበረበት፤ የለም። በጨርቅ ተጠርጎ ቢሆን ዘይቱ በተነሣ፤ አልተነሣም። የእንጨቱን መስመር ተከትሎ በመዳፍ ተስተካክሏል። በድንጋጤ የሚሸሽ ሾፌር ይህን አያደርግም። ልብስ ሰፊም ጨርቅ ነው የሚቀናት።» ቁራጩን እንጨት ከቦርሳዋ አወጣች። «ትናንት ጣቴን ያተምኩበት ነው። ሾፌሩ ገፋው። አንተ ግን እያወራኸኝ አለስልሰህ አጠፋኸው። አመል ያወጣል ከመሃል።»

አናጢው መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው።

«ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ልየው ብዬ ነው የገጠምኩት» አለ። «ጥይቱም እዚያው ነበር… ልክ ይሆን እንደሆነ ብዬ አጎረስኩት። እሱ በሩ ላይ ሆኖ ‹ዘይቱ አልደረቀም!› ብሎ ጮኸ። ደንግጬ ዞርኩ፤ ጠመንጃው ባረቀ። ከዚያ ጠመንጃውን አጠገቡ አጋድሜ እንጨቱን ሳስተካክል ነው ራሴን ያገኘሁት። እጄ ነው… እጄ።»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር፤ ወዲያው ግን በእፎይታዋ አፈረች። ከዚያ ቁጣው መጣ።

«ሦስት ቀን! ‹እኔ ገደልኩት› እያልኩ ሳለቅስ፣ ጀርባዬን እያሻሸህ ‹አይዞሽ› ስትለኝ ከረምክ?»

«ልነግርሽ ነበር። ስታለቅሺ ሳይ… ፈራሁሽ።»

ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ አናጢውን ክንዱን ይዞት ወጣ። ውጭ ያካፋል፤ እሱ በሸሚዝ ብቻ ነው። እርግማን ልታወርድበት አፏን ከፈተች።

«ኮትህን ደርብ፤ ይበርድሃል» አለችው።